ድምፃችንን አሰሙን፤ ለኮምፒውተር የእንግሊዝኛ ፈተና አዘጋጆች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለእንግሊዝኛ ቋንቋ ብቃት ፈተና አዘጋጆች፤
እንዲሁም የፈተናውን ውጤት መስፈርት አድርጋችሁ ለምትቀበሉ ዩኒቨርሲቲዎች፣ የሙያ ፈቃድ ሰጪ አካላትና የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቶች

ጉዳዩ፦ ተፈታኙ የተናገረውንና የጻፈውን የማግኘት መብት እንዲከበርለት ስለመጠየቅ

ለቶፍል፣ ለአይኤልትስና ለመሳሰሉት ፈተናዎች የሚዘጋጁ ሰዎችን አስተምራለሁ። የሥራዬ ግማሽ እንግሊዝኛ ማስተማር ነው፤ ሌላው ግማሽ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ተማሪን ከማሽን ጋር ማለማመድ ነው። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ስለ ሁለተኛው ግማሽ ነው። እንግሊዝኛው ከበቂ በላይ የሆነ ሰው ውጤቱን ይዞልኝ መጥቶ «የት ጋ እንደወደቅኩ ንገሪኝ» ሲለኝ የምመልስለት አጣለሁ። የጻፈውን አላየሁም፤ የተናገረውን አልሰማሁም። እሱም ቢሆን ከፈተናው ክፍል ከወጣ በኋላ መልሶ አያየውም፣ አይሰማውም። በእጁ የሚገባው ቁጥር ብቻ ነው።

አንድ ነገር ከወዲሁ ላጥራ። ወደ ወረቀት እንመለስ እያልኩ አይደለም፤ ወረቀቱም የራሱ ጣጣ ነበረው። አይኤልትስን በወረቀት የተፈተነ ሰው ውጤቱን ለማወቅ 13 ቀን ሲጠብቅ በኮምፒውተር የተፈተነው በጥቂት ቀናት ውስጥ ይደርሰዋል፤ የማመልከቻ ቀነ ገደብ ላስጨነቀው ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የእጅ ጽሑፉ የማይነበብ ሰው ተገላግሏል። ሊስኒንግን ከክፍሉ ጥግ ካለ ድምፅ ማጉያ ሳይሆን በሄድፎን መስማት፣ የረሱትን ዐረፍተ ነገር ሳይሰርዙና ሳይደልዙ መሀል ላይ ማስገባት፣ ተማሪዎቼ ይህን ሁሉ ወደውታል፤ እኔም ወድጄዋለሁ። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ፈተናው ወደ ኮምፒውተር ሲዛወር ጥድፊያውና ስጋቱ፣ ነገር ሲበላሽም የማስረዳቱ ሸክም፣ ወደ ማን ተዛወረ?

ከመተየብ ልጀምር። ቶፍል እ.ኤ.አ. በ1998 ወደ ኮምፒውተር ሲገባ አዘጋጁ ኢቲኤስ ጉዳዩን ችላ አላለውም። ቀደም ብሎ ተፈታኞች ከኮምፒውተር ጋር ያላቸውን ትውውቅ በመጠይቅ አጥንቶ 16 በመቶ የሚሆኑት ትውውቃቸው ዝቅተኛ መሆኑን አገኘ። ለዚያም ከፈተናው በፊት የሚወሰድ መለማመጃ አዘጋጀ፤ መለማመጃውን ከወሰዱ በኋላ በውጤት ላይ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም ብሎም ደመደመ። ያኔ ራይቲንጉን በእጁ መጻፍ ለሚሻ ሰው ምርጫ ነበረው። በ2005 የመጣው የኢንተርኔቱ ቶፍል ግን ያን በር ዘጋው፤ ሁሉም ይተይባል።

«ዛሬ ኮምፒውተር የማያውቅ ማን አለ?» ትሉኝ ይሆናል። ስልክ የማያውቅ የለም፤ ኪቦርድ ግን ሌላ ነገር ነው። ስልኩ ላይ በሁለት አውራ ጣቱ ማንም የማይደርስበት ወጣት ኪቦርድ ፊት ሲቀመጥ በሁለት አመልካች ጣት ፊደል ይለቅማል። ስልኩ ቃሉን እየጨረሰለት፣ ስፔሊንጉን እያረመለት ነው የኖረው፤ የፈተናው ስክሪን ግን ለተሳሳተ ቃል ቀይ መስመር አያሰምርም። የአፍ መፍቻ ቋንቋው በግዕዝ፣ በአረብኛ ወይም በሌላ ፊደል የሚጻፍ ሰው ደግሞ በላቲን ኪቦርድ ላይ ያሳለፈው ሰዓት እንግሊዝኛ ከተማረበት ሰዓት ጋር የሚመጣጠን ላይሆን ይችላል። ላቲን ፊደል የሚጽፉትም ቢሆኑ አልተረፉም፤ የፈረንሳይ ኪቦርድ የለመደ ሰው «ኤ»ን እመታለሁ ብሎ «ኪው»ን ይመታል።

እስቲ በቁጥር እንየው። በአይኤልትስ ራይቲንግ 60 ደቂቃ አለ። የመጀመሪያው ጽሑፍ ከ150፣ ሁለተኛው ከ250 ቃል እንዳያንስ ይጠየቃል፤ ድምሩ 400 ነው። በደቂቃ 30 ቃል የሚተይብ ሰው ለመተየቡ 13 ደቂቃ ገደማ ይበቃዋል፤ ጥያቄውን ለማንበብ፣ ለማሰብና ለማረም 47 ደቂቃ ይተርፈዋል። በደቂቃ 10 ቃል ለሚተይበው ግን 40ው ደቂቃ ጣቱ ላይ ያልቃል፤ ለማሰቢያ የቀረው 20 ነው። የሁለቱ እንግሊዝኛ እኩል ቢሆንም የማሰቢያ ጊዜያቸው እኩል አይደለም። የውጤት ወረቀቱ ይህን የት ይጽፈዋል? «ራይቲንግ 5.5» ይላል እንጂ «ጣቱ አልፈጠነም» አይልም።

በልምምድ ሰዓት ከተማሪዎቼ ኋላ ቆሜ አያለሁ። ነርስ የሆነች ተማሪዬ የታካሚ ታሪክ በእንግሊዝኛ በእጇ ስትጽፍ እንከን አይወጣላትም። ኪቦርድ ፊት ስትቀመጥ ዓይኗ ከጣቷ ወደ ስክሪኑ፣ ከስክሪኑ ወደ ጣቷ ይመላለሳል። አንድ ዐረፍተ ነገር ጨርሳ ቀና ስትል ካፕስ ሎክ በርቶ ኖሮ ሁሉም በትልቅ ፊደል ተጽፏል፤ አጥፍታ እንደገና ትጀምራለች። አፖስትሮፊ ትፈልጋለች፤ ስታጣው «ዶንት»ን ትታ «ዱ ኖት» ብላ ትጽፋለች። ከግርጌ ያለው ቃል ቆጣሪ 112 ይላል። ከዚያ ወዲያ ሐሳቧን ትታ ቁጥሩን ነው የምትከተለው። «ቬሪ» አንድ ቃል፣ «ቬሪ ቬሪ» ሁለት ቃል። እኔ የማውቃት ጸሐፊ ይቺ አይደለችም።

የአራሚውም ዓይን አለበት። እ.ኤ.አ. በ1994 የታተመ የኢቲኤስ ተመራማሪዎች ጥናት አንድ ዓይነት ድርሰቶችን በእጅ ጽሑፍና በኮምፒውተር ገልብጦ ለአራሚዎች አቅርቦ ነበር፤ በእጅ የተጻፈው ቅጂ የተሻለ ነጥብ አገኘ። ቃሉ ያው፣ ስህተቱም ያው ነው። የተተየበ ጽሑፍ አጠር ብሎ ይታያል፤ ስህተቱም ፍጥጥ ብሎ ይወጣል። ወረቀትና ኮምፒውተር ባማረጣችሁበት ቦታ ሁሉ «ሁለቱም እኩል ናቸው» ትላላችሁ። በአማካይ እኩል ሊሆኑ ይችላሉ። ፈተና የሚቀመጠው ግን አማካይ አይደለም፣ ሰው ነው፤ አሁን አሁንማ በብዙ ቦታ ወረቀቱ እየቀረ ስለሆነ ምርጫውም አብሮ እየቀረ ነው።

በሊስኒንግና በሪዲንግ ላይ ብዙ አልቆይም። በአይኤልትስ የወረቀት ተፈታኝ የሊስኒንግ መልሱን ወደ መልስ ወረቀት የሚገለብጥበት 10 ደቂቃ ሲኖረው የኮምፒውተሩ መልሱን የሚፈትሽበት 2 ደቂቃ ነው ያለው፤ የሚገለበጥ ነገር ስለሌለ ያስኬዳል፣ እሺ። እንደ ዱኦሊንጎ ባሉ፣ ጥያቄው በተፈታኙ መልስ ላይ ተመሥርቶ በሚከብድና በሚቀልባቸው ፈተናዎች ደግሞ ሌላ ፈተና ተደርቧል። ዘዴው ለአዘጋጁ ጥሩ ነው፤ በጥቂት ጥያቄ ብዙ ይለካል። ተፈታኙ ግን ቀለል ያለ ጥያቄ በመጣለት ቁጥር «አለቀልኝ፣ ወደ ታች አወረደኝ» ብሎ ይደመድማል፤ ቀጣዩን ጥያቄ በዚያ ስሜት ነው የሚሠራው። ያለፈውን ተመልሶ ማረም ደግሞ አይችልም።

ስፒኪንግ ላይ ግን እቆያለሁ።

ቶፍል የተፈተነ ሰው ያውቀዋል። ተፈታኞች እኩል አይጀምሩም፤ መታወቂያው ቀድሞ የታየለት ቀድሞ ይገባል። ስለዚህ አንዱ ሪዲንግ ላይ ሳለ ጎረቤቱ ማይክ ይፈትሻል። ለማይክ መፈተሻ ለዓመታት ሲሰጥ የኖረው ትእዛዝ ለሁሉም አንድ ነው፦ «የምትኖርበትን ከተማ ግለጽ»። የአንዱ ሳያልቅ ሌላው ይቀጥላል፣ ሦስተኛው ድምፁን ከፍ አድርጎ ይደግማል። አንዱ ተማሪዬ «ስለ ቅሪተ አካል እያነበብኩ የክፍሉን ሰው ከተማ ሁሉ ጎብኝቼ ወጣሁ» ብሎኛል። ስቀናል። ውጤቱ ሲመጣ ግን ሪዲንጉ ሌላ ጊዜ ከሚያመጣው በታች ነበር፤ በዚያ ጫጫታ ይሁን በሌላ ምክንያት ማንም ሊነግረው አልቻለም።

ከዚያ የእሱ ተራ ይደርሳል። 15 ሰከንድ ማሰቢያ፣ 45 ሰከንድ መናገሪያ፤ የቶፍል የመጀመሪያው የስፒኪንግ ጥያቄ ለዓመታት የኖረበት ልክ ይህ ነበር። ከፊቱ ሰው የለም፣ ወደ ኋላ የሚቆጥር ሰዓት አለ። ሰው ሲያዳምጠን ራሱን ይነቀንቃል፣ ያልገባው እንደሆነ ግንባሩን ይቋጥራል፤ እኛም አይተን ንግግራችንን እናስተካክላለን። ይህ ጌጥ አይደለም፣ የመናገር ችሎታ ግማሹ እሱ ነው። አይኤልትስ ስፒኪንጉን ከሰው ፈታኝ ጋር አድርጎ ማቆየቱ በእኔ ግምት ትክክል ነው፤ እዚያ ጥያቄው ያልገባው ሰው «ይድገሙልኝ» ማለት ይችላል፣ ያንንም በእንግሊዝኛ ነው የሚለው። ፒቲኢ በተባለው የኮምፒውተር የእንግሊዝኛ ፈተና ላይ ግን ተናጋሪው ከ3 ሰከንድ በላይ ዝም ካለ ቀረጻው ይቆማል። 3 ሰከንድ! አንድ ፕሮፌሰር ጥያቄ ቀርቦለት ከ3 ሰከንድ በላይ ቢያስብ «አስተዋይ ሰው ነው» ይባላል።

ታዲያ እኛ አስተማሪዎች ምን እናስተምራለን? «አታስብ፣ ቀጥል» እንላለን። ቴምፕሌት እናስሸመድዳለን፤ ለማንኛውም ሥዕላዊ መግለጫ የሚሆን መግቢያ፣ ለማንኛውም ርዕስ የሚሆን መደምደሚያ። ተማሪው ከወራት በኋላ ያቺን ለማይክ የሚሆን ሳታቋርጥ የምትፈስ እንግሊዝኛ ይዞ ይወጣል። ከዚያ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ መምህሩ ያልጠበቀውን ጥያቄ ሲጠይቀው ዝም ይላል፤ ዩኒቨርሲቲውም «ውጤቱ ጥሩ ነበር እኮ» እያለ ይገረማል። በዚህ የእኛም እጅ አለበት፤ ነገር ግን የምናስተምረው እናንተ የምትለኩትን ነው።

ማሽን የሚያርመውን በተመለከተ በአደባባይ የታወቁ ነገሮች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2017 ሁለት ዲግሪ ያላት አየርላንዳዊት የእንስሳት ሐኪም፣ እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻ ቋንቋዋ የሆነ፣ ለአውስትራሊያ ቋሚ መኖሪያ ፒቲኢ ተፈትና በንግግር ቅልጥፍና 74 አገኘች፤ የሚፈለገው 79 ነበር። ወሬው በጋዜጦች ወጣ፤ አዘጋጁ ፒርሰን ችግሩ የማሽኑ አይደለም፣ መንግሥት የጠየቀው ነጥብ ከፍተኛ ስለሆነ ነው አለ። ይሁን። እሷ ግን ስሟን የሚጠራ ጋዜጣ አግኝታለች፤ እንግሊዝኛ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ቋንቋው የሆነ ሰው በዚያው ማሽን 74 ቢያገኝ ማን ይጠራጠራል? እሱ ራሱ እንኳ ማሽኑን አይጠራጠርም፤ ራሱን ነው የሚጠራጠረው። እኔ ከሁሉ የከፋ የምለው ጉዳት ይህ ነው፤ ሰው በገዛ ምላሱ ላይ እምነት ያጣል።

በ2020 የወጣ የስታንፎርድ ተመራማሪዎች ጥናት የአማዞንን፣ የአፕልን፣ የጉግልን፣ የአይቢኤምንና የማይክሮሶፍትን ንግግር ወደ ጽሑፍ መቀየሪያዎች ፈትኗል። ከነጭ አሜሪካውያን ንግግር ከ100 ቃል በአማካይ 19ኙን ሲስቱ ከጥቁር አሜሪካውያን ንግግር 35ቱን ስተዋል። እነዚህ የእናንተ የማረሚያ ማሽኖች አይደሉም፤ የተፈተኑትም ተወላጅ ተናጋሪዎች ናቸው። ይሁንና የቴክኖሎጂው ዘር አንድ ነው፤ ማሽኑ በሥልጠናው ወቅት ብዙ ያልሰማውን አነጋገር አሳምሮ አይሰማም። የእናንተዎቹ በየትኛው አነጋገር ላይ ምን ያህል እንደሚስቱ ተፈታኙ በሚያነበው ገጽ ላይ በሚገባው ቋንቋ ጻፉለት።

በጽሑፍም እንዲሁ ነው። ሌስ ፔረልማን የተባሉ በአሜሪካ የኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ የጽሑፍ መምህር እ.ኤ.አ. በ2012 ኢ-ሬተር የተባለውን የኢቲኤስ የድርሰት ማረሚያ ማሽን ፈትነውት ነበር። ትርጉም የለሽ ዐረፍተ ነገሮች የተሰገሰጉበት ባለ 716 ቃል ድርሰት ሙሉውን 6 አገኘ፤ በሚገባ የተጻፈው ባለ 567 ቃል ድርሰት 5። ቶፍል ላይ ከማሽኑ ጎን ሰው አራሚም እንዳለ አውቃለሁ፤ ያ ደግ ነው። ግን ወሬው ተማሪ ዘንድ የሚደርሰው «አስረዝም» ሆኖ ነው። በውጤት ወረቀቱ ላይ የማሽኑ ድርሻ ስንት፣ የሰው ድርሻ ስንት እንደሆነ ስላልተጻፈ እኔም «ተው፣ ሰው ያነበዋል» ብዬ አፌን ሞልቼ ማስተባበል አልችልም።

እስካሁን ያልኩት ስለ ነጥብ ነው። ሰው ተጠርጣሪ ሲሆን የሚደርስበት ግን ከነጥብ ያልፋል።

እ.ኤ.አ. በየካቲት 2014 የቢቢሲ ፓኖራማ ፕሮግራም በብሪታንያ ቶይክ የተባለው የኢቲኤስ የእንግሊዝኛ ፈተና ሲሰጥ በሌላ ሰው ስም የሚፈተኑ ሰዎችን በስውር ካሜራ ቀርጾ አሳየ። ማጭበርበሩ እውነት ነበር፤ የተፈረደባቸውም አሉ። የተከተለው ግን ሌላ ነገር ነው። ስፒኪንጉ በኮምፒውተር የተቀዳ ስለነበር ኢቲኤስ ድምፆቹን በሶፍትዌር አነጻጸረ፣ ሰዎችም እንዲያዳምጡ አደረገ። ከ2011 እስከ 2014 ከተሰጡት 58,458 ፈተናዎች 58 በመቶው «ዋጋ የሌለው»፣ 39 በመቶው «አጠራጣሪ» ተባለ። ንጹሕ ሆኖ የቀረው 3 በመቶ ነው ማለት ነው። በዚህ ዝርዝር ላይ ተመሥርቶ የብሪታንያ የአገር ውስጥ ጉዳይ መሥሪያ ቤት የብዙ ሺህ ተማሪዎችን ቪዛ ሰረዘ። አብዛኞቹ ይግባኝ ለማለት እንኳ መጀመሪያ ከአገር መውጣት ነበረባቸው። የአገሪቱ ብሔራዊ ኦዲት መሥሪያ ቤት በ2019 ባወጣው ሪፖርት አንዳንድ ሰዎች በስህተት ተከሰው ሊሆን እንደሚችል ገለጸ፤ እስከዚያ ከታዩት 12,500 ያህል ይግባኞች ወደ 3,600 በሚጠጉት የረታው ተፈታኙ ነበር።

የእነዚያን ተማሪዎች ነገር ልብ በሉ። ክሱን የሰሙት የተቀዳ ድምፃቸውን ሳይሰሙ ነው። ቆይቶ ቅጂው በእጃቸው የገባ አንዳንዶች «ይህ የእኔ ድምፅ አይደለም» አሉ። ይህ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል፤ ወይ በስማቸው ሌላ ሰው ተፈትኖላቸዋል፣ ወይ ፋይሉ ተቀያይሯል። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ከሁሉ የሚሻለው ጊዜ ፈተናው በተሰጠ ሰሞን ነበር። ያኔ እያንዳንዱ ተፈታኝ ከውጤቱ ጋር ድምፁ ቢላክለት ኖሮ የተቀያየረ ፋይል ያኔውኑ ይታወቅ ነበር፤ የተጭበረበረውም ያኔውኑ መደበቂያ ያጣ ነበር።

ጥርጣሬው ወደ ጽሑፍም እየመጣ ነው። በ2023 የስታንፎርድ ተመራማሪዎች ሰዎች የጻፏቸውን 91 የቶፍል ድርሰቶች «ይህን አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ነው የጻፈው» ብለው ለሚለዩ ሰባት ሶፍትዌሮች ሰጥተው ነበር። በአማካይ 61.3 በመቶው ድርሰት በማሽን እንደተጻፈ ተቆጠረ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ቋንቋውን በትምህርት ያወቀ ሰው የታወቀ ቃልና የተለመደ አወቃቀር ይጠቀማል፣ መለያው ደግሞ የሚያድነው ይህንኑ ነው። ከላይ ያልኩትን ቴምፕሌት አስታውሱ። መጀመሪያ እንደ ማሽን እንዲጽፍ እናስተምረዋለን፣ ከዚያ «ማሽን ነህ» እንለዋለን።

በ2020 በወረርሽኙ ምክንያት ስለተስፋፋው ከቤት ሆኖ መፈተን አንድ ነገር ብቻ ልበል። ለብዙዎች መዳኛ ነበር፤ ማዕከል ለመድረስ ድንበር የሚሻገሩ ሰዎች አሉና። ግን ክፍሉን በካሜራ አዙሮ ማሳየት፣ ጆሮ እንዳይሸፈን፣ በክፍሉ ማንም እንዳይገባ፣ ኢንተርኔት እንዳይቆረጥ መጠበቅ፣ ይህ ሁሉ የራሱ ክፍል፣ የራሱ ኮምፒውተርና አስተማማኝ መስመር ላለው ሰው የተሰፋ ልብስ ነው። ሌላው ፈተናውን የሚሠራው በግማሽ ልቡ ነው፤ በሌላው ግማሽ በሩን እየጠበቀ።

ወደ ጥያቄዬ ልምጣ። ብዙ ነገር መጠየቅ ይቻል ነበር፤ እኔ አንዱን አስቀድማለሁ። ተፈታኙ ከውጤቱ ጋር የራሱን የስፒኪንግ ቅጂና የራሱን ድርሰት ያግኝ። ሳይለምን፣ ሳይከፍል፣ ጠበቃ ሳይቀጥር።

ዛሬ ያለውን አውቃለሁ። ቶፍል ላይ የስፒኪንግና የራይቲንግ ዳግም እርማት መጠየቅ ይቻላል፤ አይኤልትስም ተመሳሳይ አሠራር አለው። ሁለቱም ያስከፍላሉ፤ አይኤልትስ ነጥቡ ከተቀየረ ገንዘቡን ይመልሳል። ዞሮ ዞሮ ተፈታኙ ሳያይ ነው የሚጠይቀው። ምን እንደጻፈ አያስታውስም፣ ማይኩ ድምፁን ቆርጦት እንደሆነ አያውቅም፤ በግምት ገንዘቡን ይከፍላል፣ የሚመጣለትም ያው ሌላ ቁጥር ወይም «አልተቀየረም» የሚል መልስ ነው። ድምፁን ቢሰማ ኖሮ ግማሹ ይግባኝ አይል ይሆናል። «ለካ እውነትም ተንተባትቤያለሁ» ብሎ ወደ ልምምዱ ይመለሳል። ለእኔ ለአስተማሪዋም ከማንኛውም የመለማመጃ መጽሐፍ የበለጠ ይጠቅመኛል።

«ጥያቄዎቻችን ይወጡብናል» እንደምትሉ እገምታለሁ። ስጋቱ እውነተኛ ነው፤ ጥያቄ ማዘጋጀት ውድ ሥራ ነው፣ ተደጋግሞም ይሠራበታል። ነገር ግን በዚህ ላይ የሕግ መስመር ከተሰመረ ቆይቷል። የአውሮፓ ኅብረት የፍትሕ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2017 በአየርላንድ የሒሳብ አያያዝ ባለሙያነት ፈተና ወድቆ የመልስ ወረቀቱን በጠየቀ ሰው ጉዳይ ላይ ሲወስን፣ ተፈታኙ የጻፈው መልስና የአራሚው አስተያየት የተፈታኙ የግል መረጃ ነው ብሏል፤ የፈተናው ጥያቄ ግን የእሱ መረጃ አይደለም ብሎ ለይቶታል። እኔም የምጠይቀው ይህንኑ ነው፤ ጥያቄው የእናንተ ይሁን፣ መልሱን ለባለቤቱ ስጡት። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ2018 የመረጃ ጥበቃ ሕጓ ተፈታኞች በፈተና ላይ የጻፉትን ከዚህ መብት ነጥላ አውጥታዋለች፤ ስለዚህ እዚያ ሕግ አያስገድዳችሁም። ሕግ ባያስገድድም መከልከል ግን ግዴታችሁ አይደለም። ከመልሱ ጥያቄው ይገመታል የምትሉ ከሆነም ጥያቄው ከአገልግሎት ሲወጣ ላኩት፣ ወይም ተፈታኙ ማዕከሉ ድረስ መጥቶ በክትትል ሥር ያዳምጥ። ፊቱን፣ ጆሮውንና ክፍሉን በካሜራ ለመቆጣጠር መላ ያላጣ ተቋም ለዚህ መላ አያጣም።

ከዚህ ሌላ የማሽኑንና የሰውን ድርሻ በውጤት ወረቀቱ ላይ ጻፉ። ለተመዘገበ ሁሉ ትክክለኛውን የፈተና ስክሪን፣ ከነቃል ቆጣሪውና ከነሰዓቱ፣ እስከ ፈተናው ቀን ድረስ በነጻ ክፈቱለት፤ ኪቦርድ እቤቱ የሌለው ሰው በማዕከላችሁ የሚለማመድበት ሰዓት ይኑር።

ለእናንተ ለተቀባዮቹ ደግሞ፦ ውጤቱ 2 ዓመት ብቻ እንደሚያገለግል እያወቃችሁ ተፈታኙን በአንድ ነጥብ ማነስ መልሳችሁ ወደ ክፍያው መስኮት ትልኩታላችሁ። የፈተና ነጥብ የመለኪያ ስህተት እንዳለው አዘጋጆቹ ራሳቸው ያትማሉ፤ የእናንተ የመቁረጫ ነጥብ ግን ስህተት እንደሌለው ምላጭ ይቆርጣል። አመልካቹ ለጥቂት ነጥብ ከጎደለው በስልክ ወይም በቪዲዮ አሥር ደቂቃ አነጋግሩት፤ ከዚያ ወስኑ። ዳግም እርማት የጠየቀ ሰው መልሱ እስኪመጣ ቦታውን ያዙለት፤ ይህን መያዛችሁንም የመግቢያ መስፈርቱ በተጻፈበት ገጽ ላይ፣ ከሚፈለገው ነጥብ ሥር አስፍሩት።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት የእንግሊዝኛ መምህርት